ከኮሌጅ አይስ ሆኪ ወደ ኢሲኤችኤልና ኤኤችኤል፦ የመጀመሪያውን ውል ማግኘትና የመጀመሪያውን ዓመት መዝለቅ

የኮሌጅ የመጨረሻ ጨዋታ ካለቀበት ምሽት እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ያሉት ጥቂት ሳምንታት በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) መደበኛ ውድድር ማርች መጀመሪያ ላይ ያበቃል፤ የባለሙያ ሊጎቹ የኤኤችኤልና የኢሲኤችኤል ግን ከአንድ ወር በላይ ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ የባለሙያ ቡድኖች በጉዳት ሳስተዋል፤ ያልደከመ ተጫዋች ይፈልጋሉ። ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ በሆነው ዲቪዚዮን አንድ ውስጥ ከ60 በላይ የወንዶች ቡድኖች ስላሉ ተመራቂዎቹ ሁሉ ገበያ የሚወጡት በአንድ ሰሞን ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት በጃንዋሪ ነው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል እንያቸው። ከሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው ሊግ ከኤንኤችኤል ቀጥሎ ያለው በ1936 የተመሠረተው ኤኤችኤል ነው፤ 32 ቡድኖች አሉት፣ እያንዳንዱም ከአንድ የኤንኤችኤል ክለብ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሥሩ በ1988 የተጀመረው ኢሲኤችኤል፣ ከዚያ በታች ኤስፒኤችኤል ይገኛሉ። በኮሌጅ ኮከብ የነበረ ተጫዋች ኢሲኤችኤልን እንደ ውርደት ሲያየው እናያለን። ስህተት ነው። ጆናታን ኩዊክ ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2007–08 ለኢሲኤችኤሉ ሬዲንግ ሮያልስ ተጫውቷል፤ በ2012 የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ሲያነሣ የጥሎ ማለፍ ውድድሩ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር። ቲም ቶማስም ከቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ በኋላ በሌላው የኢሲኤችኤል ቡድን በበርሚንግሃም ቡልስ በኩል አልፎ በ2011 ያንኑ ክብር አግኝቷል።

ከመፈረም በፊት

በድራፍት (የኤንኤችኤል ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ከተመረጣችሁ መብታችሁ በየትኛው ክለብ እጅ እንዳለና መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ አረጋግጡ። ካልተመረጣችሁ ነፃ ናችሁ፤ ስልኩን የምታነሡት ግን እናንተ ናችሁ። በኢሲኤችኤል ብዙ ጊዜ ተጫዋች የሚመለምለው ዋና አሠልጣኙ ራሱ ስለሆነ ወኪል ባይኖራችሁም ይሰማችኋል። የኮሌጅ አሠልጣኛችሁ እንዲደውልላችሁ ጠይቁ፤ የእሱ አንድ ጥሪ ከአሥር ኢሜይል ይበልጣል። ከጥሪው ጋር ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ላኩ። ጎል ብቻ አትደርድሩበት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተቆረጡ አራት ወይም አምስት የሜዳ ቆይታዎች (ከገባችሁበት እስክትቀየሩ ድረስ ያለው ጊዜ) አስገቡ፤ አሠልጣኙ ማየት የሚፈልገው ፓኩ (የሚመታው ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) ሲጠፋችሁ ወዴት እንደምትሮጡ ነው።

ቀሪ የኮሌጅ ዓመት ያለው ተጫዋች እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ከባለሙያ ቡድን ጋር ውል መፈረም፣ ለወኪል ስለ ባለሙያ ውል እንዲደራደር ፊርማ መስጠትም ጭምር፣ በኤንሲኤኤ የመጫወት መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ሕግ ተቆጣጣሪ ቢሮ ይጠይቅ። በኤፍ-1 ተማሪ ቪዛ አሜሪካ ያለ የሌላ አገር ዜጋም እንዲሁ ዝም ብሎ ደመወዝ መቀበል አይችልም፤ ቡድኑ የፒ-1ኤ (የባለሙያ ስፖርተኛ ቪዛ) ፈቃድ አስቀድሞ ሊያወጣለት ይገባል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው የስልክ ንግግር ላይ አንሡት።

የቀሩ የትምህርት ክሬዲቶች ካሉም ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት ከመምህራኑ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። በማርች ሻንጣውን ይዞ የሄደ ሰው በሜይ ፈተና ላይ እንዲቀመጥ ማንም አያስታውሰውም።

ውሉን ማንበብ

በማርች የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የአማተር ሙከራ ስምምነት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ አሠልጣኞች በዓይናቸው እንዲያዩዋችሁ ነው። የባለሙያ ሙከራ ስምምነት ደግሞ በኤኤችኤል እስከ 25 ጨዋታ ይሄዳል። መደበኛ ውልን በተመለከተ ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ የኤኤችኤል ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ ከ50,000 ዶላር በላይ ሲሆን ኢሲኤችኤል የሚከፍለው በሳምንት፣ ያውም ውድድር ባለበት ወቅት ብቻ ነው። በኢሲኤችኤል ቡድኑ የቤት ዕቃ የተሟላለት መኖሪያ ይሰጣል፤ በኤኤችኤል ግን ኪራዩ ከራስ ኪስ ነው።

ሁለት የደመወዝ መጠን የተጻፈበት ውል ከቀረበላችሁ፣ አንዱ በኤኤችኤል ሌላው በኢሲኤችኤል ስትጫወቱ የሚከፈል ነው። በጀታችሁን በትንሹ ቁጥር ሥሩ፤ ጀማሪ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በዚያኛው ነው። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል የሚገባውን ገንዘብም ለአሥራ ሁለት ወር አካፍሉት። ብዙ ጀማሪ በጁላይ የሚቸገረው ይህን ሳያደርግ ስለሚቀር ነው።

አሁን ብዙዎች ወደማያውቁት፣ ግን ለጀማሪ ትልቅ ጉልበት ወደሚሰጠው ሕግ እንምጣ። በኢሲኤችኤል አንድ ቡድን 260 እና ከዚያ በላይ የባለሙያ ጨዋታ ያደረጉ ተጫዋቾችን ከአራት በላይ መያዝ አይችልም። በኤኤችኤል ለጨዋታ ከሚለብሱት 18 የሜዳ ተጫዋቾች ቢያንስ 13ቱ ገና በማደግ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ከእነሱም 12ቱ ከ260 ጨዋታ ያላለፉ። ግብ ጠባቂዎችን አይመለከትም። የኮሌጅ ጨዋታ በዚህ ስሌት አይገባም፤ ስለዚህ የ24 ዓመት ተመራቂ ከዜሮ ይጀምራል፣ ዜሮውም ለአሠልጣኙ ዋጋ አለው። ቡድን ስትመርጡ ይህን አስቡና ጠይቁ፦ በእኔ ቦታ፣ እንደ እኔም በግራ ወይም በቀኝ እጅ የሚጫወቱ ስንት ናቸው? ከመካከላቸውስ ስንቱ ከላይ ካለው ክለብ በውል የተላኩ ናቸው? ከላይ የተላከ ተጫዋች እንዲሰለፍ ይፈለጋል፤ እንዲህ ያሉ አራት የግራ ተከላካዮች ባሉበት ቡድን አምስተኛ ሆኖ መግባት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። በእኛ እምነት በኢሲኤችኤል 20 ደቂቃ መጫወት በኤኤችኤል ከመቀመጫ ሆኖ ከማየት ይሻላል።

በጋ ላይ መለወጥ ያለበት

የኮሌጅ ተጫዋች በመደበኛው ውድድር ከ34 የማይበልጥ ጨዋታ ያደርጋል፣ በአብዛኛው ዓርብና ቅዳሜ። እዚህ 72 ነው፤ ሦስት ጨዋታ በሦስት ተከታታይ ምሽት፣ በመካከሉ የሌሊት አውቶቡስ። በኮሌጅ ሰኞና ማክሰኞ የተለመደው ከባድ የክብደት ሥራ እዚህ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ጉልበቱን በጋ ላይ ገንቡ፤ በውድድር ወቅት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አጭር ሥራ ከጨዋታ በኋላ ይበቃል። የአንዱን የሜዳ ቆይታ ርዝመትም ከ40 እስከ 45 ሰከንድ ላይ አቁሙት። በሦስተኛው ምሽት አንድ ደቂቃ የቆየ ተከላካይ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል፤ ጎሎቹም የሚገቡት በዚያ ነው።

በኮሌጅ ፊት ሙሉ በሙሉ ይከለላል፤ በባለሙያ ሊግ የተለመደው ዓይንን ብቻ የሚጋርድ ግማሽ መከለያ ነው። ከጁን ጀምሮ በእሱ ተለማመዱ፣ የአፍ መከላከያም አድርጉ። ችግሩ ልማድ ነው፦ አራት ዓመት በብረት ፍርግርግ የተጫወተ ሰው ፓክ ለመመከት ፊቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ዱላውንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። የመጀመሪያው ጥርስ ያስከፍላል፣ ሁለተኛው ቅጣት ያስወስናል።

የሜዳው ስፋት ሌላ ነው። መደበኛው 200 በ85 ጫማ ሲሆን አንዳንድ ኮሌጆች 100 ጫማ ስፋት ባለው ላይ ይጫወታሉ። ከዚያ የመጣ ሰው ግድግዳው በየጎኑ ሰባት ጫማ ተኩል ቀድሞ ይደርስበታል። ተከላካይ ከሆናችሁ ከአጥቂው ጋር ያለውን ርቀት ቀድማችሁ ዝጉ፤ ግብ ጠባቂ ከሆናችሁ ከጎን የሚመጡ ምቶችን ማዕዘን እንደገና ተለማመዱ።

በኮሌጅ በቁጥር ብልጫ ጊዜ ሜዳ ላይ የማይጠፋው ኮከብ እዚህ በአራተኛው መስመር፣ ማለትም ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚያገኙት አጥቂዎች መካከል፣ ሊጀምር ይችላል። ቡድናችሁ በቅጣት ሰው ጎድሎበት ሲጫወት መከላከልን ተማሩ። በኢሲኤችኤል ለጨዋታ የሚለብሱት ከኤኤችኤል ያነሱ ስለሆኑ ሁለት ቦታ የሚችል ሰው አይቀነስም። ጠብም አለ፦ በኮሌጅ ከጨዋታ ያስወጣና ቀጣዩንም ያሳግዳል፤ እዚህ የአምስት ደቂቃ ቅጣት ነው። መደባደብ ግዴታችሁ አይደለም፣ ነገር ግን ጠንካራ ግጭት ካደረሳችሁ በኋላ ማን ወደ እናንተ እየመጣ እንደሆነ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ።

ከላይ ሲጠሩ

ጥሪው የጨዋታ ቀን ጠዋት ሊመጣ ይችላል። ሦስት ወይም አራት ዱላ፣ ተጨማሪ የበረዶ ጫማ ስለቶችና ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ ተዘጋጅተው ይቀመጡ። ስለቱ ምን ያህል ጎድጎድ ተደርጎ እንደሚሳል (1/2 ኢንች ይሁን 5/8) በወረቀት ጻፉት፤ የአዲሱ ቡድን የዕቃ ኃላፊ አያውቃችሁም፣ በማይስማማችሁ ስለት ደግሞ የመጀመሪያው ምሽት ይበላሻል። በሜዳ ላይ ፓኩን ቶሎ ከዞናችሁ አውጡ፣ በጊዜ ተቀየሩ።

ውድድሩ ሲያልቅ የኢሲኤችኤል ቡድኖች እስከ ጁን 30 ድረስ ቢበዛ ለስምንት ተጫዋቾች የማቆያ ጥያቄ ይልካሉ። ጥያቄው የደረሰው ጀማሪ ባይፈርምም መብቱ ለአንድ የውድድር ዘመን በዚያ ቡድን ይቀራል። ሌላ ቦታ መሄድ ከፈለጋችሁ ከዚያ ቀን በፊት ለአሠልጣኙ በግልጽ ንገሩ፤ ከቀኑ በኋላ ያለው መንገድ ዝውውር ብቻ ነው። ከከተማው ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ በዓመቱ የደረሰባችሁን ጉዳት ሁሉ፣ በተለይ የጭንቅላት ምትን፣ በቡድኑ ሐኪም መዝገብ መግባቱን አይታችሁ ቅጂውን ውሰዱ። ያልተጻፈ ጉዳት በኦገስት ሲያገረሽ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።