ኤክሴል ዳታችሁን ሲቀይርባችሁ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ፕሮግራመሮች ተሰብስበው ስለ ሶፍትዌር ማማረር ከጀመሩ ኤክሴል ሳይነሳ አይቀርም። ተመራማሪዎችም ዘንድ እንደዚያው ነው። የሁለቱም ቅሬታ አንድ ነው፤ ያስገባችሁትን ነገር በራሱ ግምት ይቀይረዋል፣ መቀየሩንም አይናገርም። ተበላሽቶ ቀጥ ቢል ይሻል ነበር፣ ቢያንስ መበላሸቱን ታውቃላችሁ። በዝምታ የተቀየረ ዳታ ግን የሚታወቀው ሪፖርቱ ተልኮ፣ ጥናቱ ታትሞ፣ ገንዘቡ ተላልፎ ካለቀ በኋላ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ፣ ቢሮ ውስጥ ዳታ የምታስገቡ፣ የሰው ፋይል ተቀብላችሁ ኮድ የምትጽፉ ሁሉ ከታች ካሉት አንዱ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም።

ምልክት፦ ስልክ ቁጥሩ ዜሮው ጠፋ፣ ረጅሙ ቁጥር የማይታወቅ ነገር ሆነ

በ09 የሚጀምር ስልክ በ9 ይጀምራል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ደግሞ አጥሮ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ ገብቶ፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚባለው የላቲን ፊደልና 12 ተቀጥሎበት ይታያል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤክሴል አሃዝ ብቻ ያለበትን ሁሉ የሚደመር ቁጥር አድርጎ ይወስደዋል። ከፊት ያለ ዜሮ ለስሌት ስለማይጠቅም ይጥለዋል፣ ረጅሙን ደግሞ አሳጥሮ ያሳያል። የሒሳብ ቁጥሩ እዚህ ድረስ ይድናል፤ ሙሉው ውስጥ አለ፣ የሴሉን ዓይነት ወደ ነምበር ስትቀይሩት ይመለሳል። ነገር ግን እንዳጠረ ሲኤስቪ (ኮለሞቹ በኮማ የሚለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት የሚቀመጠው ያ ያጠረው ነው፣ ሌላው ጠፍቷል።

ከዚህ የባሰው 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል በአንድ ቁጥር ውስጥ የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ 0 ያደርገዋል። ፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ስለዚህ የፋይዳ ቁጥር የተሞላበት ኮለም ሁሉም በ0 የሚያልቅ ከሆነ የመጨረሻው አሃዝ ተበልቷል ማለት ነው። በመጨረሻው አሃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ሆነዋል፣ ከዚያ ፋይል ላይ ደግሞ መመለሻ የለም።

መፍትሄው ከማስገባታችሁ በፊት ነው። ኮለሙን ምረጡ፣ ፎርማት ሴልስ ውስጥ ገብታችሁ ቴክስት አድርጉት፣ ከዚያ ጻፉ። ከገባ በኋላ ቴክስት ማድረግ የጠፋውን አይመልስም። ሲኤስቪ ፋይል ከተላከላችሁ ደግሞ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ በሚለው ስር ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ የሚለውን ያዙ፣ ትራንስፎርም ዳታ ውስጥ ገብታችሁ እያንዳንዱን ኮለም ቴክስት ወይስ ቁጥር እንደሆነ ራሳችሁ ንገሩት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ግምት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ጨምሯል። አዲሱ ስሪት ካላችሁ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ዳታ ውስጥ አውቶማቲክ ዳታ ኮንቨርዥን የሚል ታገኛላችሁ። ምልክቶቹን አንሱ። ለዓመታት ስንለምነው የኖርነው ነገር ነው።

የማትደምሩትን ቁጥር እንደ ጽሑፍ ቁጠሩት። ስልክ፣ ሒሳብ፣ መታወቂያ፣ የታካሚ ካርድ ቁጥር፣ ሁሉም ጽሑፍ ናቸው።

ምልክት፦ ስም የነበረው ቀን ሆነ

ይኼኛው ሳይንስን አናግቷል፣ ቃሉን አጋንኜ አይደለም። የሰው ጂኖች አጭር መጠሪያ አላቸው። «ሴፕት2» የሚባል ጂን ነበር፣ «ማርች1» የሚባልም ነበር። የጂን ዝርዝር ኤክሴል ውስጥ ስትከፍቱ የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 2፣ ሁለተኛው ማርች 1 ይሆናል። «ማርክ1» የሚባል ሌላ ጂን ደግሞ ነበር፣ እሱም ማርች 1 ይሆናል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ማርች 1 ስታዩ የትኛው ጂን እንደነበር እንኳ አታውቁም። ወደ ጽሑፍ እንመልሰው ብትሉ የምታገኙት 42615 የመሰለ ቁጥር ነው፤ ኤክሴል ቀንን ውስጥ ለውስጥ የሚይዘው በተራ ቁጥር ስለሆነ። የጃፓኑ ሪከን ተቋም ይጠቀምባቸው የነበሩ መለያዎችም አሃዞች መሃል ያቺው «ኢ» ስላለችባቸው ወደ ግዙፍ ቁጥር ይቀየሩ ነበር።

ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በጽሑፍ ታትሞ ወጥቷል። ሰሚ ግን አልነበረም። በ2016 ዚማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ18 ጆርናሎች የተሰበሰቡ 35,175 የኤክሴል አባሪዎችን በፕሮግራም ፈተሹ። የጂን ዝርዝር ካያያዙት ጥናቶች አንድ አምስተኛው ገደማ፣ 704 ጥናት፣ እንዲህ የተበላሸ ስም ነበረበት። በ2021 ፍተሻው ሲደገም ቁጥሩ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኘ፦ 30.9 በመቶ። በመካከሉ፣ በ2020፣ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ እጁን ሰጥቶ የጂኖቹን ስም ራሱን ቀየረው። ሴፕት2 ዛሬ «ሴፕቲን2» ነው፣ ማርች1 ደግሞ «ማርችኤፍ1»። ለአንድ የቢሮ ሶፍትዌር ሲባል የሰው ልጅ ጂን ስሙ ተቀየረ። ይህ ሊያናድደን ይገባል። ተመራማሪዎቹ ግን ትክክል አድርገዋል፣ ሶፍትዌሩን መለወጥ በእነሱ እጅ አልነበረምና።

መፍትሄው ከላይ ያልነው ነው፣ ቴክስት አድርጎ ማስገባት። የተጨመረው ነገር፦ የመጀመሪያውን ፋይል ማንም እንዳይነካው ለብቻው አስቀምጡ። ስሙ ከተበላሸ መዳኛው እሱ ብቻ ነው። የተጠራጠራችሁትን ዝርዝር ደግሞ ከሀ እስከ ፐ እንደምትሉት በፊደል ቅደም ተከተል አስተካክሉት፤ ቀን የሆኑት ተሰብስበው አንድ ጫፍ ላይ ይወጣሉ።

ምልክት፦ የኢትዮጵያ ቀን አስገብታችሁ ስሌቱ አልገጠመም

ይህ የእኛው ራስ ምታት ነው፣ የውጭ መመሪያ ውስጥም አታገኙትም። ኤክሴል ያስገባችሁትን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ነሐሴ 30 ቀን 2016ን 30/12/2016፣ መስከረም 1 ቀን 2017ን 1/1/2017 ብላችሁ ልዩነቱን ብትጠይቁት፣ ቀንን በሚያስቀድም አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ 2 ቀን ይላችኋል። ጳጉሜን አለች፣ እውነተኛው ልዩነት 6 ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብላችሁ ስታስገቡ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብላችሁ ጻፉ፤ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ሜይ 13 ብሎ በደስታ ይቀበላል። አንዱ ኮለም ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ የተገለባበጠ ይሆናል። የክትባት ቀጠሮ ወይም የብድር መመለሻ የሚሰላበት ፋይል ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

መፍትሄው፦ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትን በሦስት የተለያዩ ኮለሞች አስገቡ፣ ምንም ዓይነት እዝባር አይኑር። ስሌት ካስፈለጋችሁ አራተኛ ኮለም ላይ ወደ እ.ኤ.አ. የተመለሰውን ቀን አስቀምጡና ስሌቱን በእሱ ሥሩ። መመለሱን በእጅ አትሥሩት፣ የዘመን መለወጫ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ላይ ሰው ይሳሳታል። የፈረንጁን ቀን ስትጽፉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይሁን፣ ያኔ አሜሪካና እንግሊዝ አይጋጩበትም።

የታሪክ ተማሪዎች ይህን ጨምራችሁ ያዙ፦ የኤክሴል ዘመን የሚጀምረው ከ1900 ነው። የዓድዋ ድል ቀን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896፣ ቀን ሆኖ አይገባለትም፣ ጽሑፍ ነው የሚሆነው። ዓመቱን ለብቻው በቁጥር ያዙት።

ምልክት፦ ቀኖቹ በሙሉ 4 ዓመት ከ1 ቀን ሸሹ

የድሮ የማክ ኤክሴል ቀንን የሚቆጥረው ከ1904 ነበር፣ ዊንዶውሱ ከ1900። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ስታደርጉ 1,462 ቀን ይዛነፋል። ቀኖቹ ላይ 1,462 ደምሩ ወይም ቀንሱ። ኦፕሽንስ ውስጥ ያለውን የ1904 ምልክት ግን ቀን ያለበት ፋይል ላይ አትንኩት፣ ደህና የነበሩትንም ያዛውራል።

ምልክት፦ ፋይሉ መጨረሻው ጠፋ

ኤክስኤልኤስ የሚባለው የድሮው ፋይል የሚይዘው 65,536 ረድፍ ነው፣ አዲሱ ኤክስኤልኤስኤክስ 1,048,576። የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን የሚያስተላልፈው በድሮው ዓይነት ነበር። ፋይሉ ሲሞላ የተረፈው ሳይገባ ቀረ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባለው ጊዜ 15,841 ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊ ሪፖርቱ ወጡ። ታማሚዎቹ ውጤታቸው ደርሷቸዋል፤ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች መፈለጉ ግን ዘገየ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የዘገየ ቀን ደግሞ የሰው ጤና ነው።

መፍትሄው የረድፍ ቁጥር ማመሳከር ነው። ላኪው ስንት ረድፍ እንደላከ ይጻፍ፣ ተቀባዩ ስንት እንደደረሰው ይቁጠር። ካልገጠመ ሥራው ይቁም። ብዙ መቶ ሺህ ረድፍ ካላችሁ ደግሞ ዳታቤዝ ውስጥ ነው መግባት ያለበት፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ምልክት፦ አማርኛው የማይነበብ ሆነ

ፋይሉ የተጻፈው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደላት ኮድ ነው፣ ኤክሴል ግን በሌላ ኮድ ነው ያነበበው። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። በዳታ በኩል አስገቡና ፋይል ኦሪጂን የሚለው ላይ 65001 ምረጡ። ራሳችሁ ስትልኩ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ።

ምልክት፦ አማካዩ ልክ አይመስልም

ፎርሙላው የት ጋ እንደሚያበቃ እዩ። ራይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ የሚበልጥ አገሮች ኢኮኖሚያቸው በአማካይ 0.1 በመቶ ይቀንሳል ብለው ነበር። መንግሥታት በጀት ለመቁረጥ ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፋይሉን ጠይቆ ሲያየው ፎርሙላው አምስት አገሮችን ሳያካትት አቁሟል። ከሌሎቹ የዳታና የስሌት አሠራር ችግሮች ጋር ሲታረም አማካዩ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ሴሉ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጉ፣ ፎርሙላው የሚደምረውን ክልል በቀለም ከብቦ ያሳያችኋል። ዳታውን ቴብል ካደረጋችሁት ደግሞ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ክልሉ አብሮ ይሰፋል።

ምልክት፦ ኤክሴልን ትታችሁ ወደ ፓይተን ሄዳችሁ፣ ናሚቢያ ጠፋች

ኮድ የምትጽፉ ሰዎች ከዚህ ነፃ ነን እንዳትሉ። የናሚቢያ ባለ ሁለት ፊደል የአገር ኮድ «ኤን» እና «ኤ» ነው። ፓንዳስ የሚባለው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ዳታ የሚነበብበት መሣሪያ፣ ሲኤስቪ ሲያነብ ሁለቱን ፊደላት «መረጃ የለም» ብሎ ይተረጉማቸዋል፣ ስለዚህ የአፍሪካ አገሮችን በኮዳቸው ስታሰሉ አንድ አገር ትጎድላለች። ፓንዳስም በ09 የሚጀምረውን ስልክ ዜሮውን ይጥለዋል። ስታነቡ የኮለሞቹን ዓይነት ሁሉ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ብላችሁ ንገሩት፣ ባዶ ብሎ የሚቆጥራቸውን ነባር ቃላት ዝርዝርም አጥፉበት። ከዚያ ቁጥር መሆን ያለባቸውን ብቻ እናንተው ቀይሩ፣ ከቀየራችሁ በኋላም ከመቀየራችሁ በፊት ባዶ ያልነበረ፣ አሁን ግን ባዶ የሆነ ሴል ካለ ፈልጉ። ካገኛችሁ ዋናውን ፋይል ከፍታችሁ እዚያ ረድፍ ላይ ምን እንደተጻፈ በጽሑፍ ማረሚያ እዩ፣ በኤክሴል ግን አትክፈቱት።