ስለ ፕላኔቶችና ጨረቃዎች ሲያወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ሕዋ ብዙ የሚያነቡ ሰዎችም ይሳሳታሉ። በልጅነት የታየ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ከአእምሮ አይወጣም፤ ኋላ ላይ የሚነበበውም ሁሉ በዚያው ሥዕል ላይ ይደረባል። ስለዚህ ከሥዕሉ ልጀምር።

ሥዕሉን እንደ ካርታ ማመን

ፀሐይ ዳር ላይ ሆና ስምንቱ ፕላኔቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚታዩበትን ሥዕል የማያውቅ የለም። ችግሩ መጠንንና ርቀትን በትክክል የሚያሳይ አንድ ገጽ ሊኖር አለመቻሉ ነው። መሬትን 10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባላት ኳስ እንተካት። ጨረቃ 2.7 ሴንቲ ሜትር ትሆንና ከኳሷ 3 ሜትር ያህል ርቃ ትቀመጣለች። ፀሐይ 11 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ቦታዋም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ኔፕቱን ከፀሐይ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ይውላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪስ? በዚሁ ልኬት እንኳ ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ጨረቃን መሬት አጠገብ አድርጎ ማሰብም ከዚያው ሥዕል የመጣ ነው። አማካይ ርቀቷ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን የሌሎቹን ሰባት ፕላኔቶች አማካይ ዲያሜትር ይደምሩ፦ ሜርኩሪ 4,879፣ ቬነስ 12,104፣ ማርስ 6,779፣ ጁፒተር 139,822፣ ሳተርን 116,464፣ ዩራኑስ 50,724፣ ኔፕቱን 49,244። ድምሩ 380,016 ይመጣል። ከመሬት መሐል እስከ ጨረቃ መሐል በሚለካው በዚህ ርቀት ውስጥ ሁሉም ቢደረደሩ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይተርፋል ማለት ነው።

በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው የአስትሮይድ ቀበቶም እንደ ፊልሙ ድንጋይ በድንጋይ አይደለም። በ1972 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን ናቸው) የተወነጨፈችው መንኮራኩር ፓዮኒየር 10 ጉዳት ሳይደርስባት አልፋዋለች፤ የቀበቶው ጠቅላላ ክብደት ከጨረቃ ክብደት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የጨረቃን መጉደል በመሬት ጥላ ማሳበብ

ይህ ስህተት የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ይይዛል። የመሬት ጥላ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ግማሽ ጨረቃ ሰማይ ላይ ስትታይ ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ከአድማስ በላይ ናቸው፤ ጥላው ግን ከአድማስ በታች ወዳለው አቅጣጫ ተዘርግቷል። እንዴት አድርጎ ያገኛታል? ጨረቃ ምንጊዜም ግማሽ ጎኗ በፀሐይ የበራ ነው፤ የሚለዋወጠው ከዚያ ከበራው ጎን ለእኛ የሚታየን ድርሻ ነው። የመሬት ጥላ የሚያገኛት በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም የሚሆነው ሙሉ ስትሆን ነው። ምህዋሯ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ስለሆነ ደግሞ በየወሩ አይከሰትም።

ከእኛ የተደበቀው የጨረቃ ጎን ዘላለም ጨለማ ነው የሚባለውም ያው ነው። እዚያም ሁለት ሳምንት ያህል ቀን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ይፈራረቃል። የሶቪየቷ ሉና 3 በጥቅምት 1959 ፎቶ ያነሳችው ፀሐይ እያበራበት ነው። በጥር 2019 ያረፈችው የቻይናዋ ቻንግ ኤ 4ም የፀሐይ ኃይል የምትጠቀም ናት።

ለፀሐይ የቀረበ ሁሉ ይበልጥ ይሞቃል ማለት

ሜርኩሪ ለፀሐይ ከሁሉም ይቀርባል፤ ከሁሉም የሚሞቀው ግን ቬነስ ነው፤ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ቀንም ሌሊትም። ልዩነቱ ከባቢ አየር ነው። ቬነስን የሸፈነው ጥቅጥቅ ያለ አየር 96 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ የገባውን ሙቀት አይለቅም። በ1982 እዚያ ያረፈችው ቬኔራ 13 የቆየችው 127 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሜርኩሪ በአንጻሩ ሙቀቱን የሚይዝበት አየር ስለሌለው ሌሊቱ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዋልታዎቹ አካባቢ ፀሐይ በማትገባባቸው ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አለ።

መሬትም ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጥር መጀመሪያ ነው፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛ ወቅቱ ላይ እያለ። ወቅቶችን የሚያፈራርቀው የዛቢያዋ ማዘንበል ነው።

ጨረቃዎችን እንደ ሙት ድንጋይ መናቅ

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ አስገራሚው ነገር ያለው ብዙውን ጊዜ ጨረቃዎቹ ላይ ነው። የጁፒተሩ ጋኒሜድና የሳተርኑ ታይታን ሁለቱም በስፋት ከሜርኩሪ ይበልጣሉ። ታይታን ከመሬት የከበደ የአየር ግፊት፣ የሚቴን ዝናብና የሚቴን ሐይቆች አሉት፤ ሂዩገንስ የተባለችው መንኮራኩር በጥር 14 ቀን 2005 አርፋበታለች።

የሌላዋ የጁፒተር ጨረቃ የአዮ ታሪክ ደግሞ የተለየ ነው። በመጋቢት 1979 ሊንዳ ሞራቢቶ የተባለች የናሳ መሐንዲስ ቮየጀር 1 የላከችውን ምስል ትመረምር የነበረው የመንኮራኩሯን አቅጣጫ ለማረጋገጥ ነበር። የምትፈልገው ከጀርባ ያሉትን ደብዛዛ ከዋክብት ነበር፤ ምስሉን አጉልታ ስታደምቀው ከአዮ ጠርዝ ላይ ጃንጥላ የመሰለ ደመና አየች። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነበር፤ ከመሬት ውጭ በሥራ ላይ ሳለ የታየ የመጀመሪያው። እሳቱን የሚያቀጣጥለው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን የጁፒተር ስበት ነው፤ አዮን በየዙሩ እየጨመቀና እየለቀቀ ውስጡን ያግለዋል።

ኤንሴላደስ የምትባለው ትንሽ የሳተርን ጨረቃም ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ውቅያኖስ አላት፤ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በ2005 ከደቡብ ዋልታዋ ውኃ ወደ ሕዋ ሲረጭ ደርሳበታለች።

የጨረቃዎችን ብዛት መሸምደድ

ሳተርን ስንት ጨረቃ አላት? በመጋቢት 2025 128 አዳዲሶች ዕውቅና ሲያገኙ ቁጥሩ 274 ደርሷል። ያረጀ መጽሐፍ ላይ የሚያገኙት ቁጥር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ቁጥር ሲጠቅሱ ዓመቱን አብረው ይጥቀሱ።

ፕሉቶም በ2006 ምድቡ ከፕላኔት ወደ ድንክ ፕላኔት ተቀየረ እንጂ ሌላ የደረሰበት ነገር የለም፤ አምስቱም ጨረቃዎቹ አብረውት አሉ።

«ሁለተኛዋ መሬት ተገኘች» የሚል ዜናን መቀበል

ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል። ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ያገኙት ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በ1995 ነው፤ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። ከዜናው ጋር የሚወጣው ሰማያዊ ውቅያኖስና ነጭ ደመና ያለው ምስል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሠዓሊ ግምት ነው። ሳይንቲስቶቹ እጅ ላይ ያለው ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ መደብዘዙ፣ ወይም ኮከቡ በፕላኔቱ ስበት መወዛወዙ ነው። ከመጀመሪያው ስፋቱ፣ ከሁለተኛው ቢያንስ ሊኖረው የሚችለው ክብደት ይሰላል። ውቅያኖስ አልታየም።

«ለሕይወት ምቹ ቀጠና» የሚለውም ፕላኔቱ ተስማሚ አየር ካለው በገጹ ላይ ውኃ ሳይተንና ሳይረጋ ሊቆይ የሚችልበት ርቀት ማለት ብቻ ነው። ማረጋገጫ አይደለም። በ2016 የተገኘው ፕሮክሲማ ቢ ቀጠናው ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ኮከቡን በጣም ቀርቦ በ11 ቀን የሚዞር በመሆኑ ኮከቡ በየጊዜው ለሚተፋው ጨረር የተጋለጠ ነው። ኤንሴላደስ ደግሞ ከፀሐይ ቀጠና በእጅጉ ርቃ ውቅያኖስ ይዛለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የከባቢ አየሩ ነገር ተለክቶ እንደሆነ ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2023 ትራፒስት-1 ከተባለው ኮከብ ሰባት ፕላኔቶች ለኮከቡ የሚቀርበውን ሲለካ ያገኘው፣ ይህ ነው የሚባል አየር የሌለው መሆኑን ነው።