ሬቲኖል አጀማመር ፀሐይ ለማያጣው የጎንደር ፊት

ሬቲኖል ፊት ላይ የሚቀባ የቫይታሚን ኤ ዝርያ ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ሲለወጥ የቆዳ ሕዋሳትን እድሳት ያፋጥናል። ለብጉርና ለፊት መጨማደድ የሚፈለገው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ፊት የሚያስቆጣውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትጀምረው።

ሲገዛ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠው ይበቃል። ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት ብርሃን በማያሳልፍ ቱቦ የታሸገውን ምረጡ። ፒያሳ ላይ በመስታወት መደርደሪያ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ብልቃጥ በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁም ይቅርባችሁ። ይዘቱ ያልተጻፈበትን «ፊት የሚያጠራ» ክሬም ደግሞ እጃችሁ ባይነካው እመርጣለሁ፤ ስቴሮይድ የሚባል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀባ ቆዳን የሚጎዳ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል።

ማታ ፊታችሁን ታጥባችሁ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ይበልጥ ያቃጥላል። የከንፈርን ዳርና የአፍንጫን ጥግ ቫዝሊን ቀቡ። ከዚያ የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ለመላው ፊት፣ ዓይን ዙሪያ ሳይደርስ። በላዩ ማለስለሻ ቅባት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ድግግሞሹ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ ጀምሩ፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ፊታችሁ ካልተቆጣ አንድ ማታ ጨምሩ። መጠነኛ ድርቀትና መላጥ ያጋጥማል፤ ብጉርም መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል። «ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» የሚለውን ምክር ግን አትስሙ። እንደኛ ባለ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ቁጣው ሲበርድ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። ጠቃጠቆ ሊያጠፉ ተነሥተው ሌላ ጠቃጠቆ መሸመት ማለት ይህ ነው። ፊት ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ውኃ ሲነካው ካቃጠለ አቁሙ፤ ቆዳው እስኪያገግም ከማለስለሻ ሌላ ምንም አይቀባ። የሚላጠውን በሻካራ ፎጣ መፈተግ ነገሩን ያባብሳል። ብጉር የሚያደርቁ አሲዶችንም በዚያው ማታ አትደርቡ።

ጠዋት ጠዋት ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግዴታ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ይበረታል። ለጥምቀት ልዋብ ብሎ በዋዜማው ሳምንት የሚጀምርም አለ። ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በቀትር ፀሐይ የሚዋልበት በዓል ስለሆነ፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ ቢጀመር ይሻላል። ዣንጥላውንም ለፎቶ ብቻ አትያዙት።

ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ቁጣው ካቆማችሁም በኋላ ካልበረደ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቱቦውንም ይዛችሁ።