ሲስተም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ልጅ ተከተሉ

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በሰበታ በኩል ትንሽ በጎ አድራጎት ማኅበር የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ይቺ ለእናንተ ናት። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፦ ለጋሽ ይገኛል፣ "ሲስተም ያስፈልገናል" ይባላል፣ ኮምፒውተር ይገዛል። ዓመት ሳይሞላው አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ሥራው በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ቀድሞ ያየ ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ብሩን ያዝ አድርጉና ምሳ ከምታበሏቸው ተማሪዎች አንዱን ምረጡ። ስሙ መጀመሪያ የት ተጻፈ? ማን ገለበጠው? ለወረዳውና ለለጋሹ የሚሄደው ቁጥር ከየት ይወጣል? ነጭ ወረቀት ላይ ቀስት እየሳላችሁ ተከተሉት። አራት ቦታ የሚገለበጥ ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱን አስቀሩ። የተዝረከረከ አሠራር ላይ አፕ ብትጭኑበት መዝረክረኩ ይፈጥናል እንጂ አይጠፋም።

ከዚያ ኤክሴሉን ክፈቱ። ጣጣው ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ በሉ። አንዷ "ፀሐይ" ብላ ትመዘግባለች፣ ሌላዋ "ጸሃይ"። ለእኛ አንድ ልጅ ናት፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። በአባት ስም እንለያለን እንዳትሉ፣ ኃይሉና ሀይሉም ያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ መለያ ቁጥር ስጡ፣ የምሳ ካርዱም ላይ ጻፉት። ቀንም እንዲሁ ያጭበረብራል፦ የልደት ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2010 ብላችሁ ሞልታችሁ ዕድሜውን ኤክሴል ያስላው ካላችሁ፣ ከዛሬው የፈረንጆች ቀን ላይ ስለሚቀንስ ልጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። የእኛን ቀን በአንድ ዓምድ እንደ ጽሑፍ፣ የፈረንጆቹን በሌላ ዓምድ ያዙ።

ቤት ለቤት መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ ኮቦ ቱልቦክስ የተባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ሞክሩ። ኔትወርክ በሌለበትም ቅጹ ስልክ ላይ ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን ከወዲሁ አስቡበት። ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ ይሻላል፣ ባትሪው አብሮት ነው፣ ፍጆታውም ያነሰ ነው። ሶላር ካስገባችሁ የአሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች አታውርዱት፣ ቶሎ ይሞታል። የሊትየሙ ዋጋ መጀመሪያ ላይ ቢያስደነግጥም ዕድሜው ረጅም ነው። ደግሞ አደራ፣ ማንም ሰው የእንጀራ ምጣድ እንዳይሰካበት! ብቻውን 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል።

ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2018 አብቅቷል። 11ን የማይችል አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ አትጣሉት፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ፣ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈንታ ሊብሬ ኦፊስ ጫኑበት። ግን ቀድማችሁ ሰፈር ያለውን ጠጋኝ ጠይቁ። እሱ የማያውቀውን ዕቃ፣ በነፃ እንኳ ቢሰጧችሁ፣ እኔ ብሆን አልቀበልም።

በመጨረሻ የአካውንቱ ባለቤትነት ጉዳይ። የማኅበሩ ቴሌግራም ቻናል በአንድ በጎ ፈቃደኛ የግል ሲም ተከፍቶ ከሆነ፣ በጎ ፈቃደኛው ሥራ አግኝቶ የሄደ ዕለት ቻናሉም አብሮ ይሄዳል። በማኅበሩ ስም ሲም አውጡና ባለቤትነቱን ወደዚያ አዙሩ። ቴሌግራም ለዚህ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (በስልክ ከሚመጣው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ከበራ ቢያንስ 7 ቀን እንዲያልፈው ይጠይቃል፤ ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው መልቀቂያ እስኪያስገባ አትጠብቁ።