የደብረ ብርሃን ተመራማሪ የጉግል ስኮላር ገጹን እንዴት ይያዝ?

ጉግል ስኮላር የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ነው፤ የተመራማሪው ገጽ ደግሞ ሥራዎቹን ይዘረዝራል። መጀመሪያ የስምዎን የላቲን አጻጻፍ አንድ ያድርጉ። «ብርሃኑ» አንዴ «Birhanu»፣ አንዴ «Berhanu» ተብሎ ከተጻፈ ሥራዎ የሁለት ሰው ይመስላል፤ የከተማዋ ስምም ያው ችግር አለበት።

ቀጥሎ ተመራማሪን ከሌላው የሚለየውን ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ (ORCID) መለያ በነፃ ያውጡ። የግል ኢሜይልዎንም ያስገቡበት፤ መሥሪያ ቤት ሲቀይሩ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሊዘጋ ይችላል። በጉግል ስኮላር ግን የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ያረጋግጡ፤ ያለዚያ ገጽዎ በፍለጋ አይወጣም።

ጽሑፎች በራሳቸው እንዲጨመሩ ባይፈቅዱ ይሻላል፤ መጀመሪያ በኢሜይል እንዲጠየቁ ይምረጡ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር በተለይ ለእኛ የሞክሼ ሥራ ቶሎ ይቀላቀላል። አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ከታየ ሁለቱንም ምልክት አድርገው ያዋህዷቸው። አንዱን ከሰረዙት በእሱ የተቆጠሩት ጥቅሶች (ሌሎች ጽሑፉን የጠቀሱባቸው ጊዜያት) ከድምርዎ ይቀነሳሉ።