የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ ለመጠበቅ ከጆሮ ይጀምሩ

የወላጆቻችን የማስታወስ ችሎታ ሲያሳስበን ብዙዎቻችን ቫይታሚን ለመግዛት እንቸኩላለን፤ እኔ ግን በቅድሚያ የመስማት ችሎታቸው እንዲመረመር እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን (ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች) ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ነገር ግን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ሲዘረዝር የመስማት ችግርን ከዋነኞቹ መካከል አስቀምጦታል። በደንብ የማይሰማ ሰው የተቆራረጠውን ንግግር ለመገጣጠም ሲደክም ይውልና ቀስ በቀስ ከጨዋታ ይርቃል፤ ብቸኝነት ደግሞ ራሱን የቻለ አጋላጭ ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ከሄደ፣ ወይም አባትዎ ወሬው ሲደራ ፈገግ ከማለት በቀር ቃል የማይተነፍሱ ከሆነ፣ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከፍተኛ የደም ግፊትና የእንቅስቃሴ ማነስም ከእነዚሁ አጋላጮች መካከል ናቸው፤ ስለዚህ የደም ግፊትንም በዚያው ማስለካት ተገቢ ነው። የአካል እንቅስቃሴን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያንም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያስቸግርበት ፍጥነት ነው። አብሯቸው የሚራመድና የሚያወራ ሰው ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው።