ኮፒራይት ሲመታችሁ፣ ከዘራፍ በፊት

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ጭኖ «ኮፒራይት መታኝ» ብሎ የሚደውልልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ክሌም ነው ወይስ ስትራይክ? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ኢሜይሉን እኩሌታውን አንብቦ፣ ደንግጦ፣ ቪዲዮውን አጥፍቶት ነው የሚደውለው። እባካችሁ፣ ሳታጠፉ ደውሉ።

እኔ እንጀራዬ ከሠርግና ከቱሪስት ቀረጻ ነው። ጥምቀት፣ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ ታንኳ፣ ዓሣ አስጋሪ፤ ባሕር ዳር ካሜራ የያዘ ሰው ምን እንደሚቀርጽ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ደግሞ ያለ ሙዚቃ አይሆንም። ስለዚህ ክሌም ለኛ የሐምሌ ዝናብ ነው። መምጣቱ አይቀርም፣ ጃንጥላ ይዞ መጠበቅ ነው።

ክሌም በአብዛኛው የማሽን ሥራ ነው። ዩቲዩብ ከ2007 ጀምሮ ኮንተንት አይዲ የሚባል ሲስተም አለው። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።) ባለመብቶች ሙዚቃቸውንና ፊልማቸውን እዚያ ያስገባሉ፤ ማሽኑ እናንተ የጫናችሁትን ከዚያ ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለበት የማስታወቂያው ገቢ ለባለመብቱ ይሄዳል፣ ወይ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብለው ስንት ሰው እንዳየው ይከታተላሉ። በዚህ ብቻ ቻናላችሁ ላይ ቅጣት አይመዘገብም።

ስትራይክ ሌላ ነው። አንድ ሰው በሕግ መልክ «የኔ ሥራ ነው፣ አውርዱልኝ» ብሎ አመልክቶ ቪዲዮው ወርዷል ማለት ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። የመጀመሪያችሁ ከሆነ የኮፒራይት ትምህርት ቤት የሚሏትን አጭር ትምህርት ትጨርሳላችሁ፣ 90 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ይነሳል። ቪዲዮውን ማጥፋት ግን ስትራይኩን አያነሳውም።

የትኛው እንደሆነ ለማየት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ግቡና ከቪዲዮው ጎን ኮፒራይት የምትለዋን ጠቅ አድርጉ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሳሹ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነና ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ጥያቄው መከራከር ያዋጣል ወይ ነው። ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሐይቁ ዳር ያለ ዓሣ ቤት ገብታችሁ ባለቤቷን ታናግራላችሁ እንበል። ከኋላ ስፒከሩ የታወቀ ዘፋኝ እያስጮኸ ነው። ማሽኑ ያችን ዘፈን ይይዛታል። እዚህ ላይ መብቴ ነው ብሎ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ዘፈኑን ብቻ የሚያጠፋ፣ በሌላ የሚተካ ወይም ያችን ክፍል ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ አለ። ቪዲዮውን እንደገና መጫን ሳያስፈልግ ክሌሙ ይነሳል። አንዳንዴ የሴትዮዋን ድምፅም አብሮ ይበላዋል፣ እሱ እውነት ነው። በቀጣዩ ቀረጻ «እባክሽ እህቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ዝጊልኝ» ማለት ይሻላል። ሠርግም እንደዚያው ነው። ሙሽሮቹ በታወቀ ዘፈን ሲገቡ ዘፈኑ የዘፋኙ ነው። ገዝተን ነው ያጫወትነው ማለት ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ፈቃድ አይሆንም።

የሚያዋጣ ከሆነ ግን ዲስፒውት (እከራከራለሁ) የሚለውን ስትጫኑ ከምክንያቶቹ አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ። ሥራው ሙሉ በሙሉ የኔ ነው፣ ፈቃድ አለኝ፣ ፌር ዩዝ (ለትችት ወይም ለመሰለው ዓላማ ያለ ፈቃድ በተገቢው መንገድ መጠቀም) ነው፣ ወይም የሕዝብ ንብረት ነው። ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ፌር ዩዝ ላይ ይጫናሉ። ስሙ አሪፍ ስለሆነ መሰለኝ። ለኛ ሀገር ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ግን የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ አንድ ዋሽንት ነፊ አዛውንት ቀረጽኩ። ጀልበኛው ሞተሩን አጠፋልን፤ ነፋሱ እንዳያስቸግር ማይኩን ፀጉራሟን ሽፋን አለበስኳት። ቪዲዮው በተጫነ ማግስት ክሌም መጣ። ከሳሹ የዲጂታል ሙዚቃ አከፋፋይ ነው፤ ከ02፡10 እስከ 03፡25 ያለው የኔ ትራክ ነው ይላል። ትራኩን ፈልጌ አዳመጥኩት። ዜማው አንድ ነው። ነፊው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ከጀርባውም ኪቦርድ አለ። ማሽኑ የያዘው ዜማውን ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፤ አንዱ የዜማው፣ አንዱ የቅጂው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ዜማ ደራሲው አይታወቅም፤ አከፋፋዩ በኪቦርድ አጅቦ ስላስቀዳው ዜማው የሱ አይሆንም። የሱ የሆነው ያ ቅጂ ብቻ ነው። የኔ ጀልባ ላይ የተቀዳው ደግሞ የሱ ቅጂ አይደለም። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ከ02፡10 እስከ 03፡25 የሚሰማው ዋሽንት ጣና ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ፣ በራሴ ማይክ የተቀዳ ነው። ነፊው ሲነፋ በቪዲዮው ላይ ይታያል። የእናንተን ቅጂ አልተጠቀምኩም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ደራሲው የማይታወቅ የቆየ የሕዝብ ዜማ ብቻ ነው። ያልተቆረጠው የድምፅ ፋይልና የነፊው ፈቃድ በእጄ አለ።»

በቃ። ስድብ የለም፣ «ባህላችንን ዘረፋችሁ» የለም። ውስጤ ግን ብሎ ነበር። ከሳሹ የውጭ ድርጅት ከሆነ ይህንኑ በቀላል እንግሊዝኛ ጻፉት፤ የሀገር ልጅ ከሆነ በአማርኛ ይበቃል። ክሌሙ ተነሳ።

ግን ተጠንቀቁ፤ ባህላዊ ነው የሚባል ሁሉ ባህላዊ አይደለም። ሁላችንም የሕዝብ ነው የምንለው ዜማ ደራሲው የሚታወቅ፣ ልጆቹም እዚሁ ከተማ ያሉ ሊሆን ይችላል። በኛ ሕግ፣ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲ መብት እሱ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ነፊውም መብት አለው። እኔ ካሜራው ሳይጠፋ «ጋሼ፣ ዩቲዩብ ላይ ላወጣው ነው፣ ፈቅደውልኛል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አዎ ሲሉ ይቀረጻል፣ ወረቀትም እናስፈርማለን። ገንዘቡንም እዚያው መስጠት ነው፤ ሰው በነጻ አስነፍቶ ስለ መብት ማውራት ያሳፍራል።

ወደ ፌር ዩዝ እንምጣ። ፌር ዩዝ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በ1976ቱ የኮፒራይት ሕግ አንቀጽ 107 ላይ ተጽፏል። ዩቲዩብ የአሜሪካ ኩባንያ ስለሆነ ነው ባሕር ዳር ቁጭ ብለን የምናወራው። የኛም አዋጅ ቢሆን የታተመ ሥራን መጥቀስ ይፈቅዳል። ከዓላማው ካላለፈ፣ አጠቃቀሙ ተገቢ ከሆነ፣ ምንጩና የደራሲው ስም ከተገለጸ።

መጀመሪያ የቡና ወሬዎቹን እንጥረግ። «ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም» የሚል ሕግ የትም የለም። ዲስክሪፕሽን ላይ «ኮፒራይት የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ አያድንም። ምስሉን ማገላበጥ፣ ድምፁን ማፍጠን፣ ዳር ዳሩን መቁረጥ ደግሞ ጭራሽ እንደ ማጭበርበር ነው የሚያስቆጥረው።

ፍርድ ቤት የሚያየው አራት ነገር ነው። አንድ የማውቀውን አስጎብኚ ምሳሌ ላድርገው። ስለ ጣና ገዳማት የተሠራ የውጭ ዶክመንተሪ ወስዶ ስህተቱን እየነቀሰ ቪዲዮ ሠራ። ፈረንጁ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል የአዝዋ ማርያም ነው ብሎ ያሳያል፤ የኛ ሰው እዚያ ላይ አቁሞ በራሱ የቀረጸውን ጎን ለጎን አድርጎ ያስረዳል።

መጀመሪያ የሚታየው ለምን ተጠቀምክበት የሚለው ነው። ይህ ሰው ፊልሙን የወሰደው ሊተቸው ነው፣ አዲስ ነገር ጨምሮበታል። ዋናው ጉልበቱ እዚህ ነው። ሁለተኛው የተወሰደው ሥራ ዓይነት ነው። ዶክመንተሪ እውነታ ላይ የቆመ ሥራ ስለሆነ ከልብ ወለድ ይልቅ ለጠቃሹ ይቀላል። ሦስተኛው መጠኑ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥር ግን የለም። በ2017 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኢታንና ሂላ ክላይን የሚባሉ ባልና ሚስት ዩቲዩበሮችን ጉዳይ አይቶ ነበር። ከ5 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ቪዲዮ ውስጥ 3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንዱን 14 ደቂቃ ገደማ በሆነ ትችታቸው ውስጥ ተጠቅመዋል። ከግማሽ በላይ ነው። ቢሆንም ፌር ዩዝ ነው ተባለ፤ በየመሃሉ እያቆሙ ይተቹ ነበርና። በ1985 ደግሞ አንድ መጽሔት ገና ካልታተመው የፕሬዚዳንት ፎርድ ማስታወሻ 300 ያህል ቃላት ብቻ ወስዶ ተሸንፏል። የመጽሐፉን እምብርት ነበር የወሰደው። አራተኛው ገበያው ነው። የአስጎብኚውን ቪዲዮ ያየ ሰው ዶክመንተሪውን ማየት አያስፈልገውም ወይ? ያስፈልገዋል፤ ቁርጥራጭ ነው ያየው።

ሪአክሽን (የሌላ ሰው ቪዲዮ እያያችሁ ራሳችሁን መቅረጽ) የምትሠሩ ልጆች ይህችን አስምሩባት። በክላይኖቹ ጉዳይ ላይ ዳኛዋ ሪአክሽን ሁሉ ፌር ዩዝ ነው አላሉም። ያለ ትችት ተሰብስቦ እንደማየት የሚቆጠር እንዳለ በግልጽ ጽፈዋል። ጥግ ላይ ፊታችሁን አስገብታችሁ «ኡኡ፣ ዋው!» ማለት ትችት አይደለም።

ዲስፒውቱን ስትጽፉም በደቂቃ ጻፉ። «ከ04፡12 እስከ 04፡20 ያለው 8 ሴኮንድ የተጠቀሰው ሥዕሉ የተሰጠውን የተሳሳተ ስም ለማረም ነው፤ ማረሚያው ከ04፡20 እስከ 05፡45 ይከተላል።» እንዲህ ነው። «ፌር ዩዝ ነው» ብሎ ብቻ መላክ ባዶ ፖስታ መላክ ነው። መጀመሪያ የሚያነበው ደግሞ ዩቲዩብ እንዳይመስላችሁ። ራሱ ከሳሹ ነው።

ከሳሹ ለመመለስ 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ክሌሙ በራሱ ይወድቃል፤ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አይሆንም ካለ አፒል (ይግባኝ) አለ፤ ለአፒሉ ለመመለስ ከሳሹ ያለው 7 ቀን ብቻ ነው። ቪዲዮው ከታገደ የመጀመሪያውን ዘልላችሁ በቀጥታ አፒል ማለት ትችላላችሁ። ገቢ ያለው ቻናል ከሆነ በ5 ቀን ውስጥ ተከራከሩ፤ ያን ጊዜ ገቢው ክሌሙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል። ከዘገያችሁ የሚያዘው ከተከራከራችሁበት ቀን ወዲህ ያለው ነው። ኔት ቢጠፋም ቀኑ አይቆምም፣ ይህን እኛ ባሕር ዳሮች እናውቀዋለን። ሌላ ከተማ ያለ የምታምኑት ሰው አካውንቱ ላይ ኃላፊነት ቢኖረው ጥሩ ነው።

አፒል ላይ ግን ቆም በሉ። ከሳሹ አሁንም እምቢ ካለ የማውረድ ጥያቄ ሊያስገባ ይችላል፤ ያ ከጸና ስትራይክ ነው። እስከዚህ የሚኬደው ማስረጃ በእጅ ሲኖር ነው።

ስትራይክ ከመጣ በኋላ ያለው መንገድ ካውንተር ኖቲፊኬሽን ነው፤ «ያለ አግባብ ወርዷል፣ ይመለስልኝ» ብሎ ማመልከት ማለት ነው። ይህ ሕጋዊ ሰነድ ነው። ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ትሰጣላችሁ፤ ይህ ሁሉ ለከሳሹ ይላካል። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው ዩቲዩብ ባለበት አካባቢ ባለው የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማቱንም ይፈርማል። የሐሰት ቃል ያስጠይቃል። ከሳሹ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። የሥራ ቀኑ የአሜሪካ ነው፤ ጥምቀት አይቀነስም፣ የነሱ በዓል ይቀነሳል። አድራሻውን መስጠት የሚከብደው ሰው በጠበቃ በኩል ማስገባት ይችላል።

ከሳሹ የሀገር ልጅ ሲሆን ግን እኔ ካውንተር አላስቀድምም። የሰውየው ስቱዲዮ ምናልባት ሁለት ባጃጅ መንገድ ነው። ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ያወጣችሁትን ቪዲዮና ያላችሁን ፈቃድ አሳዩት። ከተስማማ አቤቱታውን ራሱ መሳብ ይችላል፤ ስትራይኩም ይነሳል። በኢሜይል ከሆነ የሚያደርገው መጀመሪያ ባመለከተበት ኢሜይል መሆን አለበት። «ማታ እልከዋለሁ» ካለ እሺ አትበሉ። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ይላክ።